«ትምህርቱን ሲጨርስ ይመጣል አይደል?»

ከ1998 እስከ 2003 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ማታ ማታ እንግዳ ሊሸኝ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም ነበር። ነጭ የሐበሻ ልብስ የለበሱ ሕፃናት በፈረንጅ እናትና አባት እቅፍ ሆነው ተራ ይጠብቃሉ። አንዳንዱን እንቅልፍ ወስዶታል፤ አንዳንዱ ሞግዚቱን ፍለጋ ዞር ዞር ይላል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያል። ገሚሱ «እሰይ፣ እግዚአብሔር አወጣው» ይላል፤ ገሚሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

እኔ ከሸኚዎቹ አንዷ ነበርኩ። በሲኤምሲ አካባቢ በተከራየ ቪላ ውስጥ፣ ሕፃናትን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ በሚያዘጋጅ ድርጅት ሶሻል ወርከር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት እየተሰበሰብን ለእያንዳንዱ ሕፃን በስሙ እንጸልይ ነበር። ይህን የምጽፈው አብረውኝ የሠሩትን ለመክሰስ አይደለም። አንዲት እናት ጠይቃኝ ያልመለስኩላት ጥያቄ ስላለ ነው።

እናቲቱ የመጣችው ከደቡብ ነው። ባሏ ሞቷል፤ እርስዋም ታምማ ከርማለች። በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀርባ ልጇን በጉዲፈቻ ለመስጠት መስማማቷን ለዳኛ መናገር ነበረባት። ከዚያ በፊት ቁጭ ብሎ ነገሩን ማስረዳት የእኔ ድርሻ ነው። ልጁ ሩቅ አገር እንደሚሄድ፣ አዲስ ወላጆች እንደሚኖሩት፣ ስሙም ሊለወጥ እንደሚችል በአስተርጓሚ አንድ በአንድ ነገርኳት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝና፣

«እኅቴ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ይመጣል አይደል?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት።

እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን እኔም አውቅ ነበር። ቅጹን ወደ ራሴ ሳብኩና ለወላጅ ማብራሪያ መሰጠቱን በሚያረጋግጠው መስመር ላይ ምልክት አደረግሁ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ያቺ እናት ሞኝ አልነበረችም። የሰማችውን ቃል የተረዳችው በምታውቀው ትርጉም ነው። በአገራችን የሌላውን ልጅ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። አክስት የእኅቷን ልጅ ታሳድጋለች፤ የገጠር ልጅ ከተማ ካለ ዘመድ ቤት ተቀምጦ ይማራል። የጡት ልጅ፣ የማደጎ ልጅ እያልን ስም አውጥተንለታል። ሕጋችን የሚጠቀምበት «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል ሲሆን፣ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። ልጁ ለአሳዳጊዎቹ እንደ አብራካቸው ክፋይ ይሆናል። የወለዱት ሰዎች ግን ከምድር አይጠፉም፤ ይታወቃሉ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ከዚህ አልራቀም። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይደነግጋል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ደግሞ የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጉዲፈቻው ሲጸና የወላጅ ሕጋዊ መብት ያበቃል። አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ በዚያ ወረቀት ላይ እናት ተብላ የምትጻፈው አሳዳጊዋ ናት።

እንግዲህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ተቀምጧል። ለእናቲቱ «ልጄን ሰው ያሳድግልኛል» ማለት ነው። ሩቅ አገር ሆነው ለሚጠብቁት ባልና ሚስት ደግሞ «ልጅ ወለድን» ማለት ነው። ሁለቱም ቅን ነበሩ። በመካከል የተቀመጥኩት እኔ ሁለቱንም ትርጉም አውቃለሁ። ግሎባላይዜሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኢንተርኔትን፣ የቻይና ዕቃንና የሳተላይት ዲሽን ነው። እኔ ትዝ የሚለኝ ያ ጠረጴዛ ነው።

በሩ ሲከፈት

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ጥቂት ላስታውስ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሚሄዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት መቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ሄዱ። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሌሎች አገሮች የወሰዷቸው ሲጨመሩ የዚያ ዓመት ቁጥር ከ4,000 በላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነበሩት ሃያ ያህል ዓመታት ወደ አሜሪካ የሄዱት በድምሩ ከ15,000 ይበልጣሉ።

ታዲያ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት በአገራችን ወላጅ ያጡ ሕፃናት ሃያ አምስት እጥፍ ሆነው ነበርን? አልነበረም። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት አፍርሶ እንደነበር እውነት ነው። ሆኖም ቁጥሩን ያሳደገው የእኛ ችግር ብቻ ሳይሆን የሌላው አገር በር መዘጋትም ነው። ጓቲማላ በአንድ ዓመት ከ4,000 በላይ ሕፃናት ለአሜሪካ ስትሰጥ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ በሯን ዘጋች። ቻይናም በዚያው ዓመት መስፈርቷን አጠበቀች። የሚጠብቁት ቤተሰቦች ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

እኛን ወንጌላውያንን የሚነካም ጉዳይ አለ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉዲፈቻን እንደ አገልግሎት ይሰብኩ ነበር። ወላጅ የሌላቸውን መጠየቅ እንደሚገባ ያዕቆብ በመልእክቱ የጻፈውን ሰምተው ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን ከፈቱ። አብዛኞቹ ከልባቸው ነበር፤ በእንባ የተቀበሏቸውን ልጆች በፍቅር ያሳደጉ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ለአንድ ሕፃን ጉዳይ አንድ ቤተሰብ የሚያወጣው ከሃያ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ገንዘብ ወደ ድሃ አገር ሲገባ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ እንኳ፣ የሚገባበትን ቤት ይለውጠዋል።

ምሥራቁን የአዲስ አበባ ክፍል የሚያውቅ ሰው ይህን ያስታውሳል። በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ ቪላዎች ለሕፃናት ማቆያነት ተከራዩ። ሕፃናቱን ሊወስዱ የሚመጡት ቤተሰቦች የሚያርፉባቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተከፈቱ። ለሞግዚት፣ ለነርስ፣ ለሾፌር፣ ለአስተርጓሚ፣ እንደ እኔ ላለ ሶሻል ወርከርም እንጀራ ሆነ።

ሥራችን ምን ነበር?

ሶሻል ወርክ ለአገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም። ትምህርቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአብዮቱ ዘመን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ሲከፈት በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እጁን ዘርግቶለታል። እንግዲህ ሙያው ራሱ የዓለም እጅ ያለበት ነው። የሙያው መጀመሪያ ትምህርት ደግሞ ልጅን ከቤተሰቡ ከመለየት በፊት ቤተሰቡን ለማቆም መሞከር ነው።

እኛ ዘንድ ግን ቀኑ የሚያልቀው በፋይል ነበር። የልደት ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሕክምና ምርመራ፣ ፎቶግራፍ፣ ለአሳዳጊዎቹ የሚላክ ቪዲዮ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ። አንዱ ወረቀት ቢጎድል ከባሕር ማዶ ስልክ ይደወላል። ስለ ልጁ አክስት ግን ማንም ደውሎ አያውቅም። አክስቲቱን ፈልጎ «ሁለት መቶ ብር በየወሩ ብታገኚ ልጁን ታሳድጊያለሽ?» ብሎ ለመጠየቅ የተመደበ ሰው አልነበረም። በጀቱ ላይ እንዲህ የሚል መስመር የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሳምመኝ የሚከተለው ነው። ያቺ እናት የታመመችው ምን እንደሆነ በፋይሏ ተጽፎ ነበር። ልጇን ለመስጠት የወሰነችውም «እኔ መሞቴ ነው» ብላ ነው። በዚያ ጊዜ ግን በሽታዋ መድኃኒት ነበረው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እርስዋ እኔ ፊት ስትቀመጥ መድኃኒቱ በየክልሉ ሆስፒታሎች ይሰጥ ነበር። የመጣውም በውጭ ዕርዳታ ነው።

አስተውሉ፤ ከዓለም የመጡ ሁለት በጎ ሥራዎች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አንደኛው እናት እንዳትሞት መድኃኒት ያመጣል። ሁለተኛው እናት ልትሞት ነውና ልጇን ይወስዳል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ለየራሳቸው ለጋሽ ሪፖርት ይጽፋሉ። እነርሱን ማስተዋወቅ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር የሰፈሯን ክሊኒክም የቅጹንም ቋንቋ የሚያውቅ የአገር ልጅ ሶሻል ወርከር ነበር። ይኸውም እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ግን እዚያ ድረስ አልተቆጠረም፤ እኔም ከተቆጠረልኝ በላይ አልሄድኩም።

በሩ ሲዘጋ

በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ ጉዳዩን የሚከታተለው ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን የውጭ ጉዲፈቻ ፋይሎች ወደ አምስት አወረደ። ሰነዶች ላይ ጥያቄ በዝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት በጭካኔ አያያዝ ሕይወቷ አለፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ባልና ሚስቱ ተፈርዶባቸው ወኅኒ ወረዱ። እነዚያ ሰዎች አጥባቂ ክርስቲያን ነን ይሉ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ እዚያው አሜሪካ የአንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ሰዎች ከኢትዮጵያ በሚወሰዱ ሕፃናት ላይ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በኋላም ጥፋታቸውን አመኑ። በመጨረሻም በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከለከለ።

ቪላዎቹ አንድ በአንድ ተለቀቁ፤ ሞግዚቶቹም ሶሻል ወርከሮቹም ተበተኑ። የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ ሕፃናቱ ያሉበት ችግር ያው ሆኖ ሳለ፣ ገንዘቡ ሲሄድ የሙያ ሰዎቹም አብረው ሄዱ። እኔም ሄጃለሁ። ችግሩ እዚሁ ቢሆንም ደመወዙ የተቆረጠው ለሌላ ነገር ነበርና።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፣ በጁላይም ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ያው ነገር ተደገመ። ቤት ለቤት እየሄዱ ሕሙማንንና ሕፃናትን ይጠይቁ ከነበሩት ብዙዎች በአንድ ደብዳቤ ሥራ አቆሙ። በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም የሰፈራችንን እናት ምን ያስፈልግሻል ያላት የለም።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ክፉ አይደለም

እንዲህ ስል የውጭውን ሁሉ እንጥላ ማለቴ አይደለም። ሕፃን የራሱ መብት ያለው ሰው መሆኑን በግልጽ የጻፈው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው፤ አገራችንም በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው በዚሁ በአዲስ አበባ ነው። መዝገብ መያዝ፣ አሳዳጊውን መመርመር፣ ልጁ ከተሰጠ በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት የሙያው ስጦታዎች ናቸው።

የእኛም ባህል ንጹሕ ነው አልልም። «ላሳድጋት» ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ በሌሊት ተነሥታ እንጀራ ስትጋግር፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርስዋ በር ዘግታ ስትቀር ያላየ ማን አለ? ያቺን ልጅ የሚጎበኝ፣ ስሟን መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሰው ቢኖር ከዓለም የተማርነው ነገር ሠራ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ዓለም ያላስተማረን የራሳችን ነገርም አለ። እድር በዋናነት ቀባሪ ነበር። በኤች አይ ቪ ዘመን ግን ቀብሩ ሲበዛ ብዙ እድሮች «ከሞተ በኋላ ከምናለቅስ በሕይወት ሳለ እንርዳ» ብለው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀመሩ። እድር የማንም ለጋሽ ፕሮጀክት አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው አያልቅም። ዛሬ በአያትና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ከየሰፈሩ ተነሥተው የመጡ፣ ነባሩን እድራቸውን ትተው አዲስ ያቋቋሙ ሰዎች አሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ልጇን ብቻዋን የምታሳድገውን እናት በስሟ የሚያውቋት እነርሱ ናቸው።

ፋይሉ ያልያዘው

እነዚያ ሕፃናት አድገዋል። ዛሬ በዚያው በቦሌ በኩል እየተመለሱ ነው። ከእነርሱ አንዲቱ፣ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት፣ ሰው ጠቁሟት እኔን ፈልጋ መጣች። የእኔ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ቅጂ ይዛለች። አማርኛ አትችልም። ቡና አፈላሁላት፤ ስለ አሳዳጊዎቿ በፍቅር ነገረችኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «እናቴ ስትፈርም ምን ተብላ ነው የፈረመችው?» አለችኝ።

ወረቀቱን አነበብኩት። የእናቷ ስም አለ፣ የወረዳው ስም አለ፣ ማብራሪያ መሰጠቱን የሚያሳየው ምልክትም አለ። እናቷ ምን እንደጠየቀች፣ ምን ተስፋ እንዳደረገች፣ ምን እንደፈራች ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ያኔ የዘለልኩት ነገር ለሪፖርቱ አያስፈልግም ነበር። ለዚህች ልጅ ግን የሚያስፈልጋት እርሱ ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ «እግዚአብሔር ያውቃል» አላልኳትም። «ብዙዎቹ እናቶች ልጆቻቸው የሚመለሱ ይመስላቸው ነበር። እኛም ደፍረን አልነገርናቸውም። እናትሽም ከእነርሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ አልጣለችኝም» አለች። እናቷን ፍለጋ ወደ ደቡብ ወርዳለች፤ እስካሁን አላገኘቻትም።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባብያን፣ እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ እናት ልጇን ለመስጠት ከመቁረጧ በፊት እንድረስላት። በአጥቢያችሁ «ልጄን የሚያሳድግልኝ ፈልጉልኝ» የምትል እናት ብትመጣ መጀመሪያ የምንጠይቃት «ምን ብታገኚ ታሳድጊዋለሽ?» ብለን ይሁን። መልሱ የቤት ኪራይ፣ የመድኃኒት ክትትል ወይም ሥራ ስትሄድ ልጅ የሚይዝላት ሰው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም አክስት፣ አያት፣ አጎት እንፈልግ። መርዶክዮስ አስቴርን ያሳደጋት ዘመዷ ስለነበረ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ፈጽሞ ላልተገኘለት ልጅ የእኛ ቤት ይከፈት። አሳዳጊ ቤተሰብ ለመሆን ወይም በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው በየክፍለ ከተማው ያለውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። በጓዳ ተስማምቶ ልጅ መውሰድ ይቅር፤ በሕግ ይሁን። ልጁም እውነቱን እያወቀ ይደግ።

ሦስተኛ፣ በዚያ ዘመን የሠራን ሁሉ የምናውቀውን እንናገር። ማቆያ ቤት ሲዘጋ በካርቶን ታሽጎ እቤቱ ፋይል ያስቀመጠ ካለ ለሚመለከተው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ያስረክብ፤ አይጣል፣ አይቃጠል። ለእኛ አሮጌ ወረቀት ነው፤ ለአንድ ሰው ግን እናቱ ያለችበት መንገድ ነው።

የውጭ ገንዘብ ከመጣ በምስጋና እንቀበል። ነገር ግን ከመፈረማችን በፊት፣ ይህ ገንዘብ ነገ ቢቆም የትኛው ሥራ እንደሚቀጥል እንጠይቅ። የሚቀጥል ከሌለ የተሠራው ቤት የእኛ አይደለም።

ስለዚያች እናት ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። መድኃኒቱን አግኝታ ከሆነ ዛሬም በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ልጇ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ትምህርቱን የሚጨርስበት ጊዜ ነው።